በቱል ያበላቻቸው ሰዎች

ካይሮ፣ ዙልቃዳ 8

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለእታለም በቱል ኢድሪስ፤ ኦምዱርማን፣ ሞረዳ፣ ወንዝ ዳር ካለው ዓሣ ቤት።

የአላህ ሰላም በደጅሽም በምድጃሽም ላይ ይሁን። ስልክሽ ከተዘጋ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። በቀን አሥር ጊዜ እደውላለሁ፤ አንዲት ሴትዮ «አይገኙም» ትለኛለች። እሷን ሰድቤ ሰድቤ አሁን ለመድኳት። ዓብደልባሲጥ የሚባል ሾፌር ከእናንተ ሰፈር ሰው ጭኖ እስከ ድንበሩ እስከ ሐልፋ ያወጣል፣ ሲመለስ ደብዳቤና መድኃኒት ይይዛል አሉኝ። ይህን በእሱ ሰድጃለሁ።

እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አሁንም እዚያው ትልቁ ሆቴል ወጥ ቤት ሾርባ ላይ ነኝ። ሆቴሉ በእኛ ሰዎች ጢም ብሏል። በሻንጣ የመጡት ፎቁን ሞሉት፤ በፌስታል የመጡት በጓሮ በር ሥራ ይለምናሉ። ባለፈው ሳምንት ሳህን አጣቢ ሆኖ የተቀጠረው ሰውዬ ኻርቱም ላይ ሦስት ኬክ ቤት የነበረው ነው። ብርጭቆውን አንድ በአንድ ወደ መብራቱ አንስቶ ያያል። «አንተ ሐጅ፣ ፍጠን እንጂ፣ ሠርግ አለብን!» ብለው የግብፅ ልጆች ሲጮሁበት «እኔ ቤት ብርጭቆ እንዲህ ነበር የሚታየው» አላቸው። ሳቁበት። እኔ አልሳቅሁም።

ፈይሰል የሚሉት ሰፈር በየሳምንቱ አንድ የሱዳን ምግብ ቤት ይከፈትበታል፤ ግማሹ ወር ሳይሞላው ይዘጋል። ፉል አለ፣ ኪስራ አለ፣ ዓሣ ግን የለም። አለ ማለት እንኳ አለ፤ ግን ዱቄት አልብሰው እንደ ሙሽራ ሸፋፍነው ነው የሚያቀርቡት፤ ገልጠሽ ስታዪው ፊቱ ያስደነግጣል። የአገር ሰው ባገኘሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «በቱልስ?» ብሎ ነው። ሱቅ የሚያከራየኝ ሰው አግኝቻለሁ። ወንድሜን ሐሲብን ይዘሽ ነዪ። አንቺ ቅመሙ ላይ፣ እሱ ዘይቱ ላይ፣ እኔ በሩ ላይ ሆነን እንሠራለን።

እናታችን ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ ነበር። እኔ ወደ ስደት ስወጣ በአንቺ ጉልበት ላይ ትቼው ነው የሄድኩት፤ ስለዚህ ካንቺ ወዲያ እናት የለውም። በመልሱ ላይ በራሱ እጅ ሁለት መስመር ይጨምርልኝ። ጽሑፉ የዶሮ ጭረት መሆኑን አውቃለሁ፤ ጭረቱም ናፈቀኝ።

ወንድምሽ ሚርጋኒ

ኦምዱርማን፣ ሙሐረም 11

ይድረስ ለወንድሜ ለሚርጋኒ፤ አላህ የእጅህን ሙያ ይባርክ፣ ከሰው አገር ክፉ ዓይን ይሰውርህ።

ደብዳቤህ ሁለት ወር ፈጅቶ ደረሰኝ። ዓብደልባሲጥ በሩ ላይ ቆሞ እንደ አክስቱ «ኻልቲ፣ አንብቢና መልሱን ቶሎ» አለኝ። መጀመሪያ ፉል አበላሁት።

እኔ አለሁ። ሐሲብ ሰላም ብሎሃል። በእጁ እንዳይጽፍ ሥራ በዝቶበታል።

መጥተን ካንተ ጋር ምግብ ቤት እንድንሠራ ጠርተኸናል፤ እዚህ ያለውን ልንገርህ። ከድልድዩ እስከ ሞረዳ ከነበሩት ሃያ ሦስት ምግብ ቤቶች ሦስት ቀርተናል። ድልድዩ አጠገብ የነበረው ሆቴል ሦስት ቀን ነደደ፤ ከአምስተኛው ፎቅ ሰው ሲዘል በዓይኔ አይቻለሁ። የአይስክሬም ቤቱን ወንበሮች መንገድ ለመዝጋት ደርድረዋቸው ጥይት በስቷቸዋል። የሻዋርማ ቤቱን ሐጅ ሙኽታርን ታውቀዋለህ፤ ሰፈራችንን የያዙት ታጣቂዎች «ክፈት» ሲሉት ቁልፉን ጉንጩ ውስጥ ከተተ። ጉንጩን መቱት፣ ከዚያ ደረቱን። እነሱ የገቡት በመስኮት ነው። ቁልፉ ከነጉንጩ ተቀበረ።

ዓሣ መጥበስ ትተናል። የሚያጠምድ ጠፍቶ አይደለም፤ የሚበላ ነው የጠፋው። አንድ ቀን ሰዎቹ መረባቸውን ሲስቡ ቡትስ ጫማ የተጫማ እግር ወጣ፤ ከእግሩ በኋላ ሰውዬው። ዓሣው በየት በኩል እንደጀመረው ይታይ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ዓሣው ማንን በልቶ ይሆን?» የማይል የለም። አሁን ፉልና ምስር እንቀቅላለን። እኩለ ቀን ላይ መቶ አርባ ሰው ሳህኑን ይዞ ይሰለፋል። ባቄላ ያለው ባቄላ፣ እንጨት ያለው እንጨት ያመጣል፤ ምንም የሌለውም ይበላል። ዳቦ ጋጋሪው ሐጅ ሸሪፍ ዱቄት ባገኘ ቀን ዳቦ ይጨምርልናል። እነዚህን ጥዬ ወዴት ልምጣ?

ታጣቂዎቹ ቀድመው ይበላሉ። አለቃቸው በግራ ክንዱ ላይ አራት ሰዓት ያስራል፤ አራቱም የተለያየ ሰዓት ይቆጥራሉ፣ የአራት ሰው ሰዓት ናቸውና። እኛ ባለ ሰዓቱ እንለዋለን።

«ኻልቲ፣ ዛሬ ምን አለ?» ይለኛል።

«ፉል።»

«ትናንትም ፉል ነበር እኮ።»

«ትናንትም ጦርነት ነበር።»

ሳቀና ጣራው ላይ ተኮሰ። የጣራው አፈር ከነስሚንቶው ድስቱ ውስጥ ዘነበ። «በይ ቅመም ጨመርኩልሽ» ብሎኝ ተቀመጠ። አማሰልኩት፤ አቀረብኩለት።

ከቻልክ የቡታጋዝ አፍንጫ ሁለት፣ ጨው፣ የቃጠሎ ቅባት ላክልኝ። ቅባቱ ብዙ ይሁን። ዘይት ፈናጥቆ ነው፤ አትጨነቅ።

እህትህ በቱል

ካይሮ፣ ሰፈር 20

ለእታለም በቱል። አላህ ዕድሜ ይስጥሽ፤ እኔ ግን ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው።

ቅባቱን ስምንት ቱቦ፣ አፍንጫዎቹንና ጨውን ልኬያለሁ። ሐሲብ አንድ መስመር አልጻፈም። እሺ፣ ሥራ በዛበት። መቶ አርባ ሰው የሚያበላ ሰው ስሙን ለመጻፍ ያህል እጁ አያርፍም?

የሆነውን ልንገርሽ። ከሞረዳ የመጣ አንድ ከማል የሚባል፣ ወንዙ ዳር ሺሻ ቤት የነበረው፣ ወጥ ቤታችን ሽንኩርት ላጭ ሆኖ ገባ። እኔ ሾርባዬ ላይ ነኝ። ከጀርባዬ ለልጆቹ ሲያወራ ሰማሁት።

«የዚህ ሰውዬ ወንድም ከታጣቂዎቹ መኪና ላይ ተቀምጦ በዓይኔ አይቸዋለሁ።»

«ምን አልክ?» አልኩት።

«ሐሲብን ነው። አትቆጣ፣ ብቻውን አይደለም፤ ስንቱ ገብቷል። ጥሩ ይበላሉ።»

«ድገመው።»

ደገመው። እታለም፣ የሾርባውን ጭልፋ ይዤ ነበር፤ ያንን ትልቁን የብረቱን። ሁለት ጊዜ አፉን መታሁት። ጥርሱ የተላጠው ሽንኩርት ላይ ወደቀ፤ እኔ ግን አላቆምኩም። አራት ሰው ነው ያላቀቀን። ሁለት ቀን ፖሊስ ጣቢያ አሳደሩኝ፤ ሆቴሉም «በዚህ በር ተመልሰህ እንዳትመጣ» ብሎ አሰናበተኝ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ወጥ ቤት ነበር። ይሁን። ግን ጣቢያው ውስጥ ተቀምጬ ያሰብኩት ስለ ሥራዬ አይደለም፤ ከማል ደም እየተፋ እንኳ «ወላሂ አይቸዋለሁ» ማለቱን ነው። የሚዋሽ ሰው በሁለተኛው ጭልፋ ይተዋል።

ሐሲብ የት ነው?

ሚርጋኒ

ኦምዱርማን፣ ረቢዑልአወል 29

ለወንድሜ ለሚርጋኒ፤ አላህ ቁጣህን በሰብርና በትዕግሥት ይለውጥልህ።

ከማል አልዋሸም፤ ግን ያየው ሁሉንም አይደለም። ሐሲብ መኪናቸው ላይ ነበር፤ እጁ ግን ከኋላ ታስሮ ነበር።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ያልነገርኩህን ልንገርህ። በዐረፋ ዕለት ባለ ሰዓቱ መጣና «አንተ፣ ካምፓችን መጥተህ ታበስላለህ» አለው። ሐሲብ «እዚህ መቶ ሰው ይጠብቀኛል» አለ። ያን ጊዜ የመጨረሻዎቹን ዓሦች እየጠበስን ነበር። ባለ ሰዓቱ «እጅህ ጥሩ ነው ይላሉ፤ እስቲ ዓሣውን ያለ ጭልፋ አውጣልኝ» አለው። የቀለደ መስሎን ነበር። ሁለት ሰዎች ክንዱን ይዘው ቀኝ እጁን እስከ አንጓው ዘይቱ ውስጥ ነከሩት። ዓሣ ይዞ እስኪወጣ ነው የቆጠሩለት። ቅባቱ ለእሱ ነበር። ሊጽፍልህ ያልቻለው በዚህ ነው።

አልጮኸም አልልህም። ጮኸ። ግን ከዚያ በኋላ በግራ እጁ ጭልፋ ይዞ ሲያማስል አየሁት። ወር ሙሉ እንዲህ ሠራ። ሙሐረም ሃያ ላይ መጥተው ወሰዱት። «በግራ እጁ ሽንኩርት መክተፍ ለምዷል» ብለውኛል። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

ሌላም አለ። ባለፈው ሰኞ ሰልፉ ላይ ከባድ መሣሪያ ወደቀ። ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሁለቱም «ከነሱ ነው» ይላሉ። አሥራ አንድ ሰው ሳህኑን እንደያዘ ሞተ። አንዲት ሴትዮ ሳህኗን አልለቅ አለች፤ ጣቷን አንድ በአንድ ፈትቼ ነው የወሰድኩት። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ብዙ ነገር ከግድግዳው ላይ በመጥረጊያ አወረድን። በማግስቱ መቶ ሠላሳ ሰው ተሰለፈ። ሳህኖቹን አጥቤ በእነሱው አበላሁ። ምን ላድርግ? ሌላ ሳህን የለም።

በዚህ ጊዜ ነጭ ጨርቅ ላክልኝ። ለከፈን የሚሆን፤ ያገኘኸውን ያህል። ሱቅ የለም፤ ሰዉን በመጋረጃ እየገነዝን ነው።

እህትህ በቱል

ካይሮ፣ ጀማዱልአወል 24

ለእታለም በቱል፣ ለሞረዳ አንበሳ! የአላህ ጥበቃ ከበላይሽ አይጥፋ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ስለ እጁ አለቀስኩ። ጨርቁን ሁለት ጣቃ በዓብደልባሲጥ ልኬያለሁ። ግን ዛሬ የምጽፍልሽ በሌላ ነገር ነው።

ሱቁን ተከራይቼ ከፈትኩት። ከአንድ የአስዋን ሰው ጋር ተሻርኬ ነው። ከበላዩ በትልቁ «ሐሲብ ዓሣ ቤት» ብዬ አጽፌበታለሁ፤ ሲመጣ ስሙን አንብቦ ይግባ ብዬ። ስምንት ጠረጴዛ አለን፤ አርብ አርብ ሰው ቆሞ ይበላል። ዓሣው ያንቺን አያህልም፤ ግን ሙሽራ አይደለም፣ ራቁቱን ነው።

እዚህ ቤቴ ውስጥ ምን ሰማሁ መሰለሽ! ባለፈው አርብ ሦስት አዲስ የመጡ ሰዎች ሲበሉ አንዱ ለሌላው «የሞረዳዋን ሴትዮ አልሰማህም? የታጣቂዎቹን አለቃ ፊቱን በዘይት ጠበሰችው እኮ!» ይለዋል። ተጠግቼ «የቷ ሴትዮ?» አልኩ። «የዓሣ ቤቷ! አራት ሰዓት ያሠረውን፣ ያንን ጅብ! አንድ ዓይኑ ፈሰሰ፤ ከንፈሩ የለም» አለኝ። እኔ መሬት አልበቃኝም። «የአጎቴ ልጅ ናት! ያሳደገችን ናት!» ብዬ ጮህኩ። ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። ያን ቀን የበሉትን ሁሉ በነጻ አበላኋቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚመጣው ዓሣውን ለመብላት ሳይሆን ወሬውን ከእኔ ለመስማት ነው። ሃምሳ ጊዜ ሳልናገረው አልቀረሁም። መጥበሻውን እንዴት እንዳነሳሽ በእጄ እያሳየሁ ነው የማወራው።

ለምን አልነገርሽኝም? የምኮራብሽ አልመሰለሽም?

ትናንት ግን አንዲት አሮጊት እየበሉ ሲሰሙኝ ቆይተው «ከዚያስ ልጄ?» አሉኝ። «ከየት?» አልኳቸው። «ከዘይቱ በኋላስ? ምን አደረጓት?» ወሬው ሁልጊዜ ዘይቱ ላይ ነው የሚያልቀው። ቆሜ ሳስብ ደግሞ ሐሲብ በእጃቸው መሆኑ ትዝ አለኝ።

እታለም፣ ዘይቱን የደፋሽው መቼ ነው?

ወንድምሽ ሚርጋኒ

ኦምዱርማን፣ ጀማዱልአኺር 19

ሚርጋኒ፤ ሰላም ልልህ አፌ አልደፍር ስላለኝ ሰላምታውን ዘለልኩት።

የደፋሁት በሰፈር ወር፣ በሁለተኛው ቀን ነው። ሐሲብን በወሰዱት በአሥራ ሁለተኛው ቀን።

እኩለ ቀን ላይ ባለ ሰዓቱ ስድስት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ትልልቅ ዓሦች በገመድ ሰክቶ ይዟል። «ኻልቲ፣ ፉሉ አንጀታችንን ነፋው፤ ጥበሺልን» አለ። ዘይት ይዘው ነበር የመጡት። ጣድኩት። ዓሣውን እየቀረደድኩ «ልጄስ?» አልኩት።

«ደህና ነው። በግራ እጁ ሽንኩርት መክተፍ ለምዷል። አንዳንዴ ጣቱንም ይከትፋል» አለኝ።

ስድስቱም ሳቁ። እሱ ወንበሩን ወደ ምድጃው አስጠጋና «የቀኝ እጁን ጠብሰን ብንበላው ያንቺን ዓሣ ያህል ይጣፍጥ ነበር ወይ?» አለ። ሁለት ጨርቅ አነሳሁ፤ መጥበሻውን በሁለት ጆሮው ይዤ ከነዘይቱ ፊቱ ላይ ገለበጥኩት።

ሽታውን አልጽፍልህም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘይት ላይ ኖሬ የማላውቀው ሽታ ነው። መሬት ላይ እየተንከባለለ ፊቱን በመዳፉ ሲይዝ መዳፉ አልላቀቅ አለው። እኔን በሰደፍ መቱኝ። አራት የጎን አጥንቴ፣ ሦስት ጥርሴ፣ የግራ ጆሮዬ መስማት። አንዱ አፈሙዙን ጆሮ ግንዴ ላይ ደገነው። ሌላው «ተዋት! እሷ ከሞተች ነገ ማን ሊያበላን ነው?» አለው። በሕይወት ያለሁት ለዚህ ብቻ ነው። ማብሰል ስለምችል ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መኪና መጣ። ከኋላው በገመድ የሚጎተት ነገር ነበረው። ከካምፑ እስከ ደጄ ድረስ ጎትተውታል። የፊቱ ነገር ፊት አልነበረም፤ ያወቅሁት ቀኝ እጁ ላይ ባሰርኩለት በራሴ ሻሽ ነው። ገመዱን ቆርጠው «ኻልቲ፣ ምሳሽን አመጣንልሽ» ብለው ሄዱ። እስትንፋሱ ነበረች። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ውኃ በጣቴ አንጠበጠብኩለት። አንድ ቃል አልተናገረም፤ ይሰማኝ እንደሆነም አላውቅም። ከዙህር ሶላት በፊት ሞተ። ወደ መካነ መቃብሩ መንገድ ላይ አነጣጥሮ ተኳሽ ስለነበር ከምግብ ቤቱ ጓሮ፣ ከኒም ዛፉ ሥር ቀበርነው። ሐጅ ሸሪፍ ሰገደበት። ከፈን አልነበረም፤ በጠረጴዛ ጨርቅ ገነዝኩት።

ያን ቀንም ሰዉ ሳህኑን ይዞ ተሰልፎ ነበር። ያን ቀንም ቀቀልኩ።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ስማ። ንዴት አሳወረኝ ብልህ ታምነኝ ነበር። እውነት አይደለም። መጥበሻውን ሳነሳ ሐሲብ በእጃቸው እንዳለ አውቅ ነበር። ከምድጃው እስከ ሰውዬው ሦስት እርምጃ ነው። በሁለተኛው እርምጃ ላይ «ይገድሉታል» ብዬ አሰብኩ። ሦስተኛውን ተራመድኩ። በሁለተኛው ላይ ብቆም ኖሮ፣ ዓሣውን ጠብሼ ባበላቸው ኖሮ፣ ወንድምህ ዛሬ በግራ እጁ ይጽፍልህ ነበር።

ሰው እንዲያጨበጭብልኝ አታድርግ። ሰሌዳውንም እንደወደድክ አድርገው።

በቱል

ኦምዱርማን፣ ሸዕባን 9

ለሚርጋኒ።

መልስ አልጠበቅሁም፤ አልመጣም። የምጽፈው ሐጅ ሸሪፍ ዳቦ ሊያቀብለኝ ሲፈቀድለት ወረቀት ስለደበቀልኝ ነው።

ታጣቂዎቹን አባረው ሞረዳን ሌሎቹ፣ ወታደሮቹ፣ ያዙት። ሰዉ ወጥቶ እልል አለ፣ እኔም እልል አልኩ። በአራተኛው ቀን መጥተው ያዙኝ። ያለሁት የድሮው የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ሙሽሮች የሚቀመጡበት መድረክ ላይ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች እንተኛለን። መርማሪው ጠረጴዛውን እየደበደበ ጠየቀኝ።

«ለጠላት አብስለሻል?»

«ለመጣው ሁሉ አብስያለሁ።»

«ይኸው አመነች፤ ጻፍ!» አለ ለጸሐፊው።

«ለናንተም ቁስለኞች አብስያለሁ» አልኩት። በጥፊ መታኝ፤ በማይሰማው ጆሮዬ በኩል። አለቃቸውን በዘይት እንዳቃጠልኩት ነገርኩት። «ሁሉም የተያዘ ሰው ጀግና ነው» ብሎ ሳቀ። ያዩት ሸሽተዋል ወይም ሞተዋል። ሐጅ ሸሪፍ መሰከረልኝ፤ «አንተም ዳቦ ጋግረህላቸዋል፤ ዝም በል» አሉት።

አጠገቤ የምትተኛው ኩብራ የምትባል ሻይ ሻጭ ነበረች። ክሷ ለታጣቂዎቹ ሻይ ማፍላት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጠሯት። ከአዳራሹ ጀርባ ሁለት ጥይት ሰማን። ነጠላ ጫማዋ እዚሁ አለ።

የሐሲብ መቃብር እንዳይጠፋብህ ነው የጻፍኩልህ፤ ከኒሙ በስተ ምሥራቅ፣ ራሱ ላይ የወፍጮ ድንጋይ አለ። ለራሴ ምንም አልጠይቅህም።

በቱል

ኦምዱርማን፣ ረመዳን 14

በቱል ኢድሪስ ሆይ።

ይህን የሚሰጥሽ ዘበኛ ነው። ከአዳራሹ ማዶ፣ የፈረሰው ጁስ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።

ሁሉን ነገር በቅደም ተከተሉ ልንገርሽ። ያ ደብዳቤሽ የደረሰኝ በምሳ ሰዓት ነው። ቤቱ ሙሉ ነበር። አንብቤ ስጨርስ መጥበሻውን ከነዘይቱ ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። ሰው አልነካም፤ አላህ ነው። ከዚያ ጠረጴዛዎቹን ገለበጥኩ፤ «የዘይቷን ወሬ ንገረን» ያለኝን አንድ ምስኪን አንገቱን አነቅሁት። ሰሌዳውን በመጥረቢያ አወረድኩት። ሸሪኬ ሱቁን ዘጋ። ሁለት ወር ሙሉ በየሶላቱ ረገምኩሽ። «አላህ በዘይቷ ያቃጥላት» እያልኩ ነበር። አልደብቅሽም።

የኋለኛው ደብዳቤሽ ደግሞ «ምንም አልጠይቅህም» ይላል። እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። አሥራ ስድስት ቀን ከአስዋን በሐልፋ አድርጌ በጭነት መኪና መጣሁ። በየኬላው አወረዱኝ። አንዱ ኬላ ላይ ጫማዬን ወሰዱ፤ ሌላው ላይ ከመኪናችን ሁለት ወጣቶች አስወርደው አሸዋው ላይ ረሸኗቸው፤ ለምን እንደሆነ ሾፌሩም አልጠየቀም። ደብዳቤሽን በሆዴ ላይ በጨርቅ አስሬው ነበር።

ትናንት መርማሪው ፊት ቀረብኩ። ወረቀቱን ዘረጋሁለት። ጮክ ብለህ አንብብ አለኝ። አነበብኩለት። ስለ ሁለተኛው እርምጃ የጻፍሽው ጋ ስደርስ ወረቀቱን ለጸሐፊው ሰጠሁት፤ እሱ ተቀብሎ ጨረሰው። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አራቱም ወታደሮች ቀና ብለው አላዩኝም።

«ይህን የጻፈችው መቼ ነው?» አለኝ።

«እናንተ ሳትመጡ፤ ማንም ሳይይዛት። ዓብደልባሲጥ የሚባል ሾፌር ነው ያመጣልኝ፤ ውጭ ቆሟል፤ ጠይቁት።»

ጠየቁት። ከዚያ መርማሪው ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ የሟቹ ወንድም ነህ?»

«አዎ።»

«በሷ ምክንያት ነው የሞተው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ? ልንረሽናት ነበር እኮ።»

«ያልሠራችውን ነው የምትከሷት» አልኩት። «የሠራችውን የምጠይቃት እኔ ነኝ።»

መርማሪው የመልቀቂያሽን ወረቀት ጻፈ። ከዚያ ማኅተሙን አነሳ። ነገ ከዐስር ሶላት በኋላ ይለቁሻል። ወረቀቱ በእጄ ነው፤ ሐሳባቸውን እንዳይለውጡ ከዚህ በረንዳ አልነቃነቅም።

ይቅር አላልኩሽም። ይቅር እንደምልሽም አላውቅም። ከእጅሽ ምግብ አልበላም፤ ለማፍጠሪያ ብታበስይ እኔ ግን በሌላ ቤት አፈጥራለሁ። ሆኖም በዚህ ከተማ የሞተውን ልጅ እንደኔ የምታውቀው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ስለዚህ ካንቺ ሌላ የምሄድበት የለኝም።

ስትወጪ በሩ ላይ ቆሜ ታገኚኛለሽ። ሽበቴ በዝቷል፤ እንዳትስቺኝ። ከፊት ከፊቴ ሂጂ፤ እኔ እከተልሻለሁ። በቀጥታ ወደ ጓሮው ውሰጂኝ። ኒሙ ሥር እስክንደርስ ድረስ አታናግሪኝ።

ሚርጋኒ፣ የሐሲብ ወንድም